ሃምሳ አለቃ አለበልና ያልመጣው ሳጥን

በየአገሩ አንድ ጎደሎ ፈላጊ አለ። የሌለበት ከተማ ካለ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ሰርግ ቢደገስ፣ ቤት ቢሠራ፣ ልጅ ቢወለድ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ አገጩን ይዞ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ እርስዎ ደስ ብሎዎት ቆመው ሳለ አንዲት ቃል ጣል ያደርግና ደስታዎን ይዞት ይሄዳል። ሰድቦ ቢሄድ እንኳ በተሻለ ነበር። እሱ ግን አመስግኖ ነው የሚገድል።

የእስቴ ከተማ የመካነ ኢየሱሱ ሃምሳ አለቃ አለበል ይባላል። በጃንሆይ ጦር መገናኛ ክፍል ያገለገለ ጡረተኛ ነው፤ ከደረት ኪሱ ካቻቪቴ አይለይም። ያ ካቻቪቴ አንድ ብሎን ሲፈታ ያየ ሰው እስቴ ውስጥ የለም። ካህናቱ «ሊቀ ጎደሎ» የሚል ማዕርግ ሰጥተውታል፤ በፊቱ አይጠሩትም እንጂ። ቃሉ አንዲት ናት፦ «ደግ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይቀረዋል።»

ግራዝማች ተሻገር ቤታቸውን ቆርቆሮ ባለበሱ ሰሞን መጥቶ ሽቅብ አየና ይችኑ ቃል ተናግሮ ሄደ። ግራዝማች «ምኑ ነው የቀረው?» ብለው ቢከተሉት «እሱን ኋላ እንነጋገራለን» አላቸው። ሰውየው ያን ክረምት ሙሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣራ ጣራ ሲያዩ ከረሙ። ጣራው አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም፤ እንቅልፋቸው ግን በዚያው ሄደ። ጎረቤቱ የሆነው የጓዴ ሚስት መንታ ስትገላገል እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ገብቶ ሁለቱንም ሕፃናት ገልጦ አየ። «ደጎች ናቸው፤ ግን…» ብሎ ተነፈሰ። ሁለት ሆነው መጥተውም ጎደሉ! እናትየው እስከ ክርስትናቸው ድረስ ጣታቸውን ስትቆጥር ነበር አሉ።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ይህን ሁሉ ታውቃለች። ጠጅ ቤቷ ውስጥ ከበሩ በስተቀኝ ያለው መደብ የሱ ነው። ብርሌውን አንስቶ ወደ ብርሃን አሳይቶ ቀምሶ «ደግ ነው፤ ግን…» ሲል «ጌሾው ነው ማሩ፣ ሃምሳ አለቃ?» እያለች ትስቅበት ነበር። በጠጅ ቢቀልድ ምን ገዷት! ነገሩ የኔታ ጋ ሲደርስ ግን ሳቁ ቀረ።

የኔታ ገብረ ሚካኤል አባቷ ናቸው። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። ከስንት አገር የመጣ ደቀ መዝሙር ዜማውን ከእሳቸው አፍ ተቀብሎ መምህር ሆኗል። ተማሪ ከዜማው ምልክት አንዲት ርክርክ ቢያጎድል ከተኙበት ይነቁ ነበር ይባላል። ያ ጆሮ ነው እንግዲህ የከዳቸው። ግራው ቀድሞ ሄደ፤ ቀኙም እየደከመ ሲመጣ ወንበሩን ለደቀ መዝሙራቸው ለቀው እስቴ ልጃቸው ቤት ገቡ። ጠጅ ቤት ገቡ ብሎ የሚያማቸው ቢኖር «እኔ ያለሁት ሐረግ ቤት ነው» ይላሉ። ከጓሮ ካለው እልፍኝ ወጥተው ወደ ጠጪው አይዘልቁም፤ ጠጪውም እሳቸውን አክብሮ ጮኾ አይዘፍንም።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ዜማ ሲያርሙ ኖሩ እንጂ የራሳቸውን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ሆነው ሰምተውት አያውቁም። «ይኸ ሁሉ ሰው የኔን ድምፅ ይዞ ነው አገር የሚያስተምረው። ልክ ነበርኩ ወይ፣ ሐረግ? ተሳስቼ ከሆነስ? እሱን አንድ ጊዜ ሰምቼ ልሙት» ይሏት ነበር። ምን ብላ ትመልስ! እሷ ዜማ አታውቅ።

አስመራ የሚሠራው ልጇ ደምሌ የአያቱን ጭንቀት ያውቃል። ድሮ የሬዲዮ ሰዎች ቤተ ልሔም ወርደው የልደትን ማኅሌት ሲቀዱ የኔታ ነበሩ የመሩት። ያን ቴፕ አፈላልጎ፣ ለምኖ አስገለበጠ። ከዚያ ስንት ጊዜ ካጠራቀመው ደመወዝ የቴፕ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየር፣ ሁለት በር የሚያክሉ ስፒከሮች ገዝቶ በሾፌሩ በሞላ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጭኖ ሰደደው። የጥር ወር ነበር። ያኔ የኔታ በቀኝ ጆሯቸው፣ አፍን አስጠግተው ከጮኹላቸው፣ ይሰሙ ነበር።

ሞላ ዕቃውን እልፍኝ አስገብቶ እየደረደረ «ደምሌ ‹ሽቦውን አገናኝታችሁ አብሩት፤ ስፒከሩን ከጆሯቸው አስጠጉት› ብሏል» አለ። መብራቱ ከወፍጮ ቤቱ ሞተር በሽቦ ተስቧል። የኔታ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ቅዳሴ እንደሚገባ ሰው ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። በዚህ መሐል ሃምሳ አለቃ አለበል ብቅ አለ። አምፕሊፋየሩን ከፊት አየ፤ ከኋላ አየ፤ አገጩን ያዘ።

«ደግ ዕቃ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይቀረዋል።»

«እሱን ኋላ እንነጋገራለን በሉና!» አለች ሐረገ ወይን እየሳቀች።

«የለም እትዬ ሐረግ፤ ይኸ አሁኑኑ የሚነገር ነው። ፕሪአምፕሊፋየሩ የታለ?»

«ምኑ?» አለ ሞላ።

«ቀዳሚው ሳጥን! ከቴፑ የሚወጣው ድምፅ ደካማ ነው። መጀመሪያ ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ አበርትቶ ለዚህ ለትልቁ የሚያቀብለው ሌላ ሳጥን አለ። እኛ ጦር ሠፈር ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ።»

«ጋሼ፣ አስመራ ቡና ቤቱ ሁሉ ባንድ ሳጥን አይደለም እንዴ የሚያስጨፍረው?»

«እሱ የቡና ቤት ዕቃ ነው! ይኸ የቅዱስ ያሬድ ዜማ የሚወጣበት ነው።»

«ይኸ ፊት ለፊቱ ያለው መዘውር ሁሉስ? አንዱ ድምፅ መጨመሪያ ነው፣ አንዱ ማቅጠኛና ማወፈሪያ ነው ብሎኛል ደምሌ።»

«ጌጥ ነው» አለ ሃምሳ አለቃ ዓይኑን ሳያሽ። «ያለ ቀዳሚው ብታበሩት ይቃጠላል። ጭስ ሆኖ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የልጁ ላብ ነው፤ የናንተ ፈንታ።»

ሐረገ ወይን የሞላን ፊት አየች፤ የሃምሳ አለቃን ካቻቪቴ አየች። ልቧ ወደ ሞላ ነበር፤ ማብሪያውን ልትጫን እጇን ሰደደች። የኔታ ግን «ምንድን ነው የሚሟገቱት?» ብለው ጠየቁ። ይኸኔ ሊቀ ጎደሎ ተንበርክኮ፣ አፉን ከቀኝ ጆሯቸው ለጥፎ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ።

«የኔታ! እነዚህ ሁለቱ ስፒከሮች ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ናቸው! ይኸ ትልቁ ደግሞ ማኅበሩ ነው! መሪው ነው ያልመጣ!»

«መሪ የለውም?»

«የለውም!»

የኔታ ደነገጡ። «ኧረ ጉድ ነው! መሪ ሳያነሣ ቀኝና ግራ ምኑን ይቀበላል? ሐረግ፣ ተዪው። እንዲህ አድርጎ ማኅሌት የቆመ አገር የለም። መሪው ይምጣና ይበራል።»

በቃ። ጦሩም ቤተ ክህነቱም ባንድ አፍ ከተናገረ ጠጅ ሻጭ ምን ትላለች? ለቅሶ ልትደርስ በደጃፉ ያለፈች ሴት ሳትቀር «መሪው ገና ነው አሉ?» ማለት ጀመረች። ሞላ ትከሻውን ነቅንቆ «እንግዲያው ደምሌን እጠይቀዋለሁ» ብሎ ሄደ። ዕቃው ነጠላ ለብሶ ቀረ። ዐቢይ ጾም ገባ፣ ፋሲካ ወጣ፤ የሞላ መኪና ሌላ መሥመር ተሰጣት ተባለ። ክረምቱ ሲገባ የደብረ ታቦር መንገድ ጭቃ ሆኖ ተዘጋ።

ሃምሳ አለቃ በዚህ ሁሉ አንድ ቀን ሳይቀር ይመጣል። እልፍኝ ገብቶ ከየኔታ ጎን ቁጭ ብሎ ያገሩን ወሬ በጆሯቸው ይጮህላቸዋል፤ ማን እንደሞተ፣ ማን ማንን ጭቃ ሹሙ ዘንድ እንደከሰሰ። እየቆየ ጩኸቱ ለእጅ ቦታ ለቀቀ። እጁን ሲያወናጭፍ ሐረገ ወይን ከበሩ ቆማ ታየዋለች። አባቷ በቃል መልስ መስጠት እየተዉ እጁን እጁን ብቻ ማየት መጀመራቸውን ልብ ብላለች፤ ግን ለራሷ አልነገረችውም።

የነገራት ሰማዩ ነው። በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ መብረቅ ወደቀ። ብርሌ ከመደርደሪያ ረገፈ፤ ጠጪው ከመደቡ ተፈናጠረ። እየሮጠች እልፍኝ ስትገባ የኔታ መቁጠሪያቸውን ቀና አድርገው ጸሎታቸውን ቀጥለዋል። ቀና ብለው አዩዋትና «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አሏት። ከበሩ መድረክ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አለበልን ያን ሰዓት ብታገኘው ኖሮ በካቻቪቴው ነበር የምትወጋው።

መንገዱ ጥቅምት ላይ ተከፈተ። ሞላ መጣ፤ እጁ ባዶ ነው።

«ሳጥኑስ?» አለችው።

«ሳጥን የለም፣ እትዬ። ደምሌ ራሱን ይዞ ጮኸ። ‹ቀዳሚው እዚያው ከትልቁ ሳጥን ውስጥ ተሠርቶ ገብቷል፤ ዕቃው ሙሉ ነው። እስካሁን ሳያበሩት ነው?› አለኝ።»

የሚያንገበግበው ይኸ ነው። አለበል አልዋሸም። ሁለቱ ለየብቻ የሆኑበት ዕቃ አለ፤ ጦር ሠፈር ያየውም እሱን ነው። የሐረገ ወይን ሌላ ነበር። ይህችን ለማወቅ ማብሪያውን አንዴ መጫን ይበቃ ነበር!

እልፍኝ ገብታ ነጠላውን ከዕቃው ላይ ገፈፈች። ሞላ ሽቦውን አገናኘ፤ እሷ በገዛ እጇ አበራችው። ቴፑ ዞረ። ከዚያ የኔታ ገብረ ሚካኤል፣ ጎልማሳው፣ ባለ ሙሉ ደረቱ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች ወጥተው ቤቱን ሞሉት። መሩ፤ ቀኝና ግራው ተቀበለ፤ ከበሮው ተመታ። ጠጪው ብርሌውን አስቀምጦ ወደ እልፍኙ በር መጣ። መንገደኛ አህያውን አቁሞ ገባ። ካህናቱ ከመቃብር ቤት ሰምተው መጡ፤ አንዱ አሮጌ ደብተራ «ምን ይወጣለታል! ምን ይወጣለታል!» ይላል። ልክ ነበሩ። አገር ሁሉ ልክ እንደነበሩ ሰማ።

የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠው የሰውን ፊት ተራ በተራ ያያሉ። ደንቆሮ ሰው እንደሚናገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

«የቴፑ ክር ይዞራል አይደል? ድምፁን ምን ዋጠው?»

ይኸኔ ሃምሳ አለቃ አለበል ሰዉን እየገፋ ገባ። ዜማውን ከቤቱ ሰምቶ እየሮጠ ነው የመጣ፤ የቆብ መልበሻ ጊዜ አላገኘም። የሚዞረውን ቴፕ አየ፤ የማይጨሰውን አምፕሊፋየር አየ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ ምን እንደሚመጣበት ሁሉም ያውቃል። ሐረገ ወይን «እርስዎ» እያለች ስታናግረው የኖረችውን ሰው ፊት ለፊት ቆማ «አንተ!» አለችው። «አንተ ሰው፣ ያባቴን…»

«ምነው፣ ሐረግ? ምን ሆናችኋል?» አሉ የኔታ። ዓይናቸው ፈርቷል። አንድ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ወጣ።

አለበል ያን እጅ አየው። አልፏት ሄዶ ከየኔታ ፊት ተንበረከከ። አንድ ጣቱን አቆመ፤ በሁለት እጁ አራት ማዕዘን ሳጥን በአየር ላይ ሠራ፤ ከዚያ ክንዱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሩቅ ወርውሮ ራሱን ነቀነቀ።

«መሪው አልመጣም?» አሉ የኔታ።

አልመጣም፣ አለ በጭንቅላቱ። ከኋላው ማኅሌቱ ደርቷል።

«ለዚህ ነው የማይሰማው?»

ለዚህ ነው።

እጃቸው ከጆሯቸው ወረደ። «ተመስገን! እኔማ ጆሮዬ አለቀለት ብዬ እንዴት ደንግጬ ነበር መሰላችሁ! በሉ ይምጣ እንጂ፤ ይህን ያህል ቆይቷል፣ ደግሞ ትንሽ ይቆይ።» ብለው ተደላድለው ተቀመጡ።

ሞላ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሐረገ ወይን ክንዱን ጨመቀችው። ቴፑ እስኪያልቅ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ፤ ማንም እንዳያለቅስ ተጠንቅቆ፣ የኔታ ያዩታልና። ሲያልቅ ራሷ አጠፋችው። ሰዉ ተበተነ። ሃምሳ አለቃ ወደ ደጅ ሊወጣ ሲል ከበሩ ላይ ቆመችበት።

«አልማርህም» አለችው።

«አውቃለሁ፣ እትዬ ሐረግ።»

«እስክሞት አልምርህም።»

«አውቃለሁ።»

«ቦታህ ተቀመጥ» አለችና ብርሌውን ሞልታ አመጣችለት። ሳያነሣ ሳይቀምስ ሲያየው ቆየ፤ ስለ ጠጁም አንድ ቃል አልወጣውም።

አሁንም ምሕረት የለም፤ ነገሩን ስታስበው ጥርሷን ትነክሳለች። የኔታ ግን በየማለዳው ሳጥኑ ደረሰ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ራሷ ልትመልስላቸው ሞክራ ነበር፤ ጣቷን አቆመች፣ ሳጥን ሠራች፣ ወደ ሰሜን አሳየች። አላመኗትም። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሃምሳ አለቃን ጥሪልኝ» አሏት። እንግዲህ ሰውየው ቁርጥማት ይዞት የዋለ ቀን፣ ጠጅ ቤቱን ለሰው ትታ፣ እስከ ቤቱ ወርዳ ክንዱን ደግፋ የምታመጣው እሷ ናት፤ ጭቃም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፤ መንገዱን ሁሉ እየረገመችው።