የጀርመኑ መዘውር ጠበቃ

ለመሆኑ ሰው የሚወደውን መዘውር ለምን የሚለውጥ ይመስላችኋል? መዘውር ስል የዓሣ መንጠቆ ክር የሚጠቀለልበትን ነው። እኔ ዓሣ የማውቀው ወጥ ውስጥ ነው፤ ግን ብቸኛ ሰው አራዳ ካለው የግሪኩ ሱቅ ደጃፍ ከዋለ የማይሰማው ነገር የለም።

እዚያ ሁለት አጥማጆች ይውሉ ነበር። ጋሽ ተሰማ በእንግሊዙ መዘውር፣ አቶ ደስታ በጀርመኑ ይምላሉ። እነሱ ሲጨቃጨቁ የአቃቂ ዓሣ በሰላም ይከርማል። «ያንተ ጀርመን እንቁራሪት እንኳ አያወጣም!» ይላሉ ጋሽ ተሰማ።

ዘንድሮ ክረምት አቶ ደስታ ሞቱ። ከተዝካሩ በኋላ ጋሽ ተሰማ ብቻቸውን ተቀምጠው ባለሱቁን፣ «እንደ ጀርመኑ ያለ መዘውር የለም» ሲሉት ሰማሁ።

«ምነው ጋሼ? እርስዎ የእንግሊዙ ወገን አልነበሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሙት ወቃሽ ልሁን?» አሉኝ ተቆጥተው። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን የአቶ ደስታን ባዶ በርጩማ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይልቅ አንተ የእንግሊዙን ወገን ያዝልኝ።»

ምን ላድርግ? በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና፣ «ያ ጀርመን እንቁራሪት እንኳ አያወጣም!» አልኳቸው።

ጋሽ ተሰማ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ድሮው ሊከራከሩ ጮኹ።