ያለ ኮምፒዩተር የተነሳው ፈረስ

የደብዳቤ ቼዝ የጨዋ ሰዎች ጨዋታ ነው። ተጋጣሚዎቹ አይተያዩም፤ አንዱ አንዲት ጠጠር አንቀሳቅሶ በኢሜይል ያሳውቃል፣ ሌላው አምስት ቀን አስቦ ይመልሳል። ማኅበራችን ከዘመኑ ጋር ለመራመድ ባለው ጽኑ አቋም ኮምፒዩተር ለትንተና እንዲውል በመተዳደሪያ ደንቡ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ ፍጹም ሰላም ሰፍኗል። ተሸናፊ የለም፤ አሸናፊም የለም። ሁሉም አቻ ነው።

ከአባላቱ ሁሉ የተከበሩት «ሊቁ» የምንላቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የጠጠሮቹን አቀማመጥ ለኮምፒዩተራቸው ያስገባሉ፤ እሱ ሲያሰላ እሳቸው ሻይ ይጠጣሉ፤ ያዘዛቸውን ይልካሉ። ከዚያ ግንባራቸውን ይዘው ወደ ሳሎን ይወጣሉ።

«ደከመህ?» ይላሉ ባለቤታቸው።

«አእምሮ ነዋ! ቀላል መሰለሽ?»

በዚህ ከባድ ተጋድሎ ሃያ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አቻ ወጡ። የማኅበሩን ከፍተኛ ማዕረግ ለመቀበል አንድ አቻ ብቻ ቀራቸው። የመጨረሻው ተጋጣሚያቸው በሌላ ከተማ የሚኖር የጥርስ ሐኪም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒዩተሩ «ንጉሡን አንድ እርምጃ መልስ» አለ። ሊቁ ሊልኩ ሲሉ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ቀረ። ፈረሱ! ፈረሱን ወታደሮቹ መሃል ቢወረውሩትስ? ኮምፒዩተሩን ጠየቁት፤ ከባድ ስህተት ነው አላቸው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ፈረሱን ላኩት።

ሐኪሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰ፦ «ይህን ማን አሰበው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው እኔም ኮምፒዩተሬን ዘጋሁት።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንጋፋዎች እየተሳሳቱ፣ በየስህተታቸው እየተሳሳቁ፣ የሁለት ወር ጨዋታ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። አቻ ወጡ። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው «ምን ሆነሃል፣ ብቻህን ትስቃለህ?» እስኪሉ ድረስ ሊቁ መሳቃቸውንም አላወቁም ነበር።

የማኅበሩ አጣሪ ኮሚቴ ግን ጨዋታውን ሲመረምር ደነገጠ። በውሳኔው ላይ እንደሰፈረው «የሰው እጅ ገብቶበታል»። ሊቁ ተጠሩ።

«ይህን ፈረስ ማን አነሳው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ኮምፒዩተሩ...»

«ኮምፒዩተር እንዲህ አይሳሳትም።»

«ደንቡ እኮ ኮምፒዩተር ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

«ልክ ነዎት። መጠቀም ይፈቀዳል። አለመጠቀምን የሚፈቅድ አንቀጽ ካለ ያሳዩን።»

ሊቁ ማዕረጉ ከእጃቸው ሲያመልጥ ታያቸው። አንገታቸውን ደፍተው «እጄ አዳልጦኝ ነው፤ እኔ አላሰብኩም» አሉ። ለዚህም ባለቤታቸውን በምስክርነት ቆጠሩ።

«ባለቤትዎ አስበው ሊሆን ይችላል ብለው ይጠረጥራሉ?» ተጠየቁ ሴትዮዋ።

«ኧረ በስመ አብ! ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ያለ ነገር አይቼበት አላውቅም።»

ኮሚቴው በምስክርነቱ ረካ። ሊቁ ማዕረጉንና «በጨዋታው ሂደት ምንም ዓይነት የማሰብ ተግባር አለመፈጸማቸው ተረጋግጧል» የሚል ባለ ማኅተም ምስክር ወረቀት በደማቅ ጭብጨባ ተቀበሉ። የጥርስ ሐኪሙ ግን «አስቤያለሁ፤ ደስም ብሎኛል» ብሎ ድርቅ በማለቱ ከማኅበሩ እስከ ወዲያኛው ተባረረ። አሁን ከጎረቤቱ ከልብስ ሰፊው ጋር ሱቅ በረንዳ ላይ እየተጫወተ፣ እየተሸነፈም፣ ሲስቅ ይውላል አሉ።

ወሬው ሊቁ ጆሮ ደረሰ። በሁለተኛው ሳምንት «እኔም አስቤ ነበር፤ ልባረር» የሚል ማመልከቻ አስገቡ።

ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። አመልካቹ ስለማሰባቸው ማስረጃ አልተገኘም፤ ስላለማሰባቸው ግን ማኅተም ያረፈበት ሰነድ አለ።