እንዳትነቃነቁ! ብሩሁ ይቀራል!

በየቤተሰቡ አንድ ፎቶ በአንድ ጊዜ አንስቶ መገላገል የማይሆንለት ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለ ዘመድ የለኝም የሚል ካለ፣ ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

የታሪካችን ሙሽራ ግን ነበራት። የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ በሙያቸው ፀጉር አስተካካይ፣ በማዕረጋቸው ክቡር ጋሼ ሦስቴ። ስሙ የወጣላቸው ካሜራቸው አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ፣ አንዴ አጨልሞ፣ አንዴ መካከለኛ፣ አንዴ ብሩህ አድርጎ እንደሚያነሳ የደረሱበት ዕለት ነው።

«ብራኬቲንግ ይባላል» ይሏታል ደረታቸውን ነፍተው። «ከሦስቱ አንዱ መቼም አይስትም። ሦስቱን ኮምፒውተር ላይ ስታዋህጃቸው ደግሞ፣ ጉድ ነው!»

ጉድስ ጉድ ነው። ሰው ከተነቃነቀ ውህዱ ይዛነፋል፤ የሙሽራዋ አክስት በልደቷ ቀን አራት እጅ አብቅላ ወጥታለች። ስለዚህ ጋሼ፣ ምላጭ ጆሮ ሥር ሲያደርሱ በሚናገሩበት ድምፅ «እንዳትነቃነቁ!» ይላሉ። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሻማው ኬኩ ላይ ቀልጦ አለቀ፣ ሕፃኑ አለቀሰ፤ ማን ሰምቶ! «ብሩሁ ይቀራል!»

ሙሽራዋ ለሠርጓ የተመኘችው አንድ ነገር ነበር፤ አባቷ የሳቁበት ፎቶ። ሰውየው ቤት ውስጥ ሲስቁ ጎረቤት ይሰማል። ካሜራ ሲያዩ ግን ፊታቸው እንደ ሱቅ በር ጥርቅም ይላል። ከመታወቂያ እስከ ልጅ ምርቃት፣ ሁሉም ላይ ዳኛ ፊት የቀረቡ ነው የሚመስሉት።

በሠርጉ ቀን ቤተሰቡ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተሰለፈ። ጋሼ ካሜራቸውን ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ሰክተው በደስታ ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው።

«ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ቬሎ፣ ከኋላ ፀሐይ! እኔ ለዚህ አይደል እንዴ የተፈጠርኩት!»

ቀጭ! ጨለማው። አባት ጥርቅም። ቀጭ! መካከለኛው። አባት ይብሱን ጥርቅም። ሰው ያለቀ መስሎት መበተን ሲጀምር ጋሼ ጮኹ፦ «ወዴት ወዴት! ብሩሁ ይቀራል!»

ይሄኔ የአባት ትዕግሥት አለቀ። «አንተ ልጅ! ፎቶ እያነሳኸን ነው ወይስ እያሰጣኸን? ልጄ እኮ ቆማ ልታረጅ ነው!»

«ወንድምጋሼ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ» አሉ ጋሼ ከካሜራው ቀና ሳይሉ። «ባለፈው አገጭዎ ሁለት ሆኖ ወጥቶ መከራዬን አይቻለሁ!»

መጀመሪያ ሙሽራዋ በሳቅ ፍርፍር አለች። ሙሽራው ተከተለ። ከዚያ አባት፣ መንጋጋቸው እስኪታይ፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ እስኪወጣ ሳቁ።

ቀጭ!

በማግስቱ ጋሼ ውህዱን በስልክ ላኩላት። አባቷ አንድ አንገት ላይ ሁለት ራስ ይዘዋል፤ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይስቃል። ሙሽራዋ አልጋው ላይ ተንከባለለች። ትንፋሿ ሲመለስ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሦስተኛውን ብቻውን ይላኩልኝ።»

«እሱማ ተበላሽቷል ልጄ። ሁላችሁም ተነቃንቃችኋል። ብርሃኑም በዝቶበት ቬሎሽ ከሰማዩ አይለይም።»

«ይብዛበት ጋሼ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ይብዛበት!»