ወባ የያዘው ብርድ ልብስ

በዓይሻ ላይ የተፈጸመው በደል የሚከተለው ነው። በመስከረም ወር፣ በቀትር፣ ቆላው እንደ ምድጃ በሚግልበት ሰዓት፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነችው ይህች ሴት በባለቤቷ በሙዐዊያ ትእዛዝ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ወባ የያዛት እንድትመስል ተደርጋለች። ብርድ ልብሱ በዚያው ዕለት ከአፋር ወሰን ማዶ ካለ ገበያ የተገዛ ሲሆን፣ የታሰበውም በሚቀጥለው ወር ወደ ደብረ ሲና ለምትዳረው ልጃቸው ለፈይሩዝ ነው። ዓይሻ ልጇን ያለ ብርድ ልብስ ወደ ደጋ ላለመስደድ ለራሷ ቃል ገብታለች። ሙዐዊያ በበኩሉ ኬላ የሚታለፈው በዘዴ ብቻ እንደሆነ ወስኗል። ማንም አልጠየቀውም።

[ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመለስ ሚኒባስ። ኬላው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ፈይሩዝ ከወላጆቿ ሦስት ወንበር ርቃ ተቀምጣለች፤ የማታውቃቸው ለመምሰል የምታደርገው ጥረት ፍሬ አፍርቷል።]

ሙዐዊያ፦ ተንቀጥቀጪ እንጂ!

ዓይሻ፦ ከአሁኑ? ኬላው ገና አይደል?

ሙዐዊያ፦ ወባ ኬላ ጠብቆ ነው እንዴ የሚነሳው? ተለማመጂ!

ዓይሻ፦ [ትከሻዋን እያወዛወዘች] እንዲህ?

ሙዐዊያ፦ ይሄ እስክስታ ነው! በሰርግሽ ቀን ያልጨፈርሽውን ዛሬ ታመጪዋለሽ? ጥርስሽን አንቀጫቅጪ!

ዓይሻ፦ የላዮቹ የሉም እኮ። ከምን ጋር ላጋጨው?

ሙዐዊያ፦ በድድሽ ሞክሪ! ደግሞ ምን ሆንሽ ብለው ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?

ዓይሻ፦ ወባ ይዞኝ ነው እላለሁ።

ሙዐዊያ፦ አትዪም! የጠናበት ሰው በሽታውን አያውቅም። አንቺ ታቃስቻለሽ፣ እኔ እናገራለሁ።

ዓይሻ፦ ስምሽ ማነው ቢሉኝስ?

ሙዐዊያ፦ እሱንም እኔ እነግራቸዋለሁ።

ዓይሻ፦ ታዲያ እኔ ምን ላደርግ መጣሁ?

ሙዐዊያ፦ ለመታመም!

ዓይሻ፦ ያ ረቢ፣ ሞቀኝ! አንተ ሰውዬ፣ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

ሙዐዊያ፦ ጥረጊው! የበረደው ሰው አያልበውም።

ዓይሻ፦ በምን እጄ? እጄንም አብረህ ጠቅልለኸው የለ?

ሙዐዊያ፦ [በፎጣው ጫፍ ግንባሯን እየጠረገ] አቤት ጣጣሽ!

ዓይሻ፦ እኔ የምልህ፣ ወባ መጀመሪያ አንቀጥቅጦ አይደል ኋላ የሚያልበው? በቃ፣ ሁለተኛው ላይ ደርሳለች በልና ትንሽ ልገለጥ።

ሙዐዊያ፦ ሁለተኛው ላይ ከደረስሽ ብርድ ልብስ ምን ያደርግልሻል? ብርድ ልብስ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው! ጭንቅላት ያለው ሰው ያሰበውን ነገር አታፍርሺብኝ።

ዓይሻ፦ ጠዋት ስንወርድ እኮ፣ አንተ ውሃ ልትገዛ ስትሄድ፣ ኬላው ላይ ያለችውን ልጅ...

ሙዐዊያ፦ ዝም በይ! ኬላን ለእኔ ነው የምታስተምሪው? ሃያ ዓመት ማሾ ስነግድ አንድ ቀን ተይዤብሽ አውቃለሁ?

ዓይሻ፦ ማሾ? ጥራጥሬ ማን ይይዛል?

ሙዐዊያ፦ አየሽ! ያልተያዘው ነጋዴው እኔ ስለሆንኩ ነው!

[ዓይሻ ይህን መልስ በጥሞና ለመመርመር ሞከረች። ጫፉን ግን ልታገኘው አልቻለችም።]

ሙዐዊያ፦ ቆይ፣ ቆይ! ነብሩ!

ዓይሻ፦ [ዘላ ልትነሳ ስትል ብርድ ልብሱ ይዟት] የታለ?

ሙዐዊያ፦ ብርድ ልብሱ ላይ ያለው! ፊቱ ትከሻሽ ላይ ወጥቷል! እንዲህ የሚያብረቀርቅ ነብር የለበሰ በሽተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ? ገልብጠሽ ልበሺው።

ዓይሻ፦ በዚያም በኩል ነብር ነው።

ሙዐዊያ፦ እንዴት ሆኖ?

ዓይሻ፦ ባለ ሁለት ፊት ካልሆነ አልገዛም ብለህ ሻጩን ያደረቅከው አንተ!

ሙዐዊያ፦ [የብርድ ልብሱን ጫፍ ገልብጦ አይቶ] እንግዲያው በሻሽሽ ፊቱን ሸፍኚው።

ዓይሻ፦ የእኔን ነው የነብሩን?

ሙዐዊያ፦ የሁለታችሁንም!

[ሚኒባሱ ቆመ። የኬላው ፈታሽ ሰብለ በሩን ከፍታ ገባች። ዓይሻ በታዘዘችው መሠረት ድዷን ማጋጨት ጀመረች።]

ሰብለ፦ እንደምን ዋላችሁ? ዕቃ ያለው ሰው... እናቴ፣ ምን ሆነዋል?

ሙዐዊያ፦ ወባ ነው፣ ልጄ። ክፉ ወባ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ።

ሰብለ፦ ሦስት ቀን ታመው ገበያ ወረዱ?

ሙዐዊያ፦ ገበያ አይደለም። አየር ትቀይር ብዬ ነው።

ሰብለ፦ ከሸዋ ሮቢት ወደዚህ? ጋሼ፣ ሰው አየር ልቀይር ሲል ሽቅብ ደብረ ሲና ይወጣል እንጂ!

ዓይሻ፦ ልጄ፣ ጠዋት የጠየቅኩሽ ሴትዮ ነኝ እኮ።

ሙዐዊያ፦ ትቀባዥራለች! ይኸውልሽ፣ ያላየችውን ሰው አየሁ ትላለች።

ሰብለ፦ እኔም ያየኋቸው ይመስለኛል።

ሙዐዊያ፦ ወባ ያስመስላል!

ሰብለ፦ ወባ ያለባቸው እሳቸው አይደሉ እንዴ?

ዓይሻ፦ አንድ ከሆነ ችግር የለውም ብለሽኝ አልነበር?

ሙዐዊያ፦ ሰማሽ? አንድ ትላለች! ቁጥር ጀመረች! አሁን እስከ መቶ ነው የምትሄደው!

ሰብለ፦ [ደንግጣ] ከቀባዠሩማ የጭንቅላት ወባ ሊሆን ይችላል! አምቡላንሱ እዚሁ ቆሟል፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ያድርሳቸው። በሉ፣ ይሄን ብርድ ልብስ አውልቁላቸው። ትኩሳት ያለበት ሰው እንዲህ አይጠቀለልም።

ሙዐዊያ፦ ብርድ ልብሱ አይወልቅም!

ሰብለ፦ ለምን?

ሙዐዊያ፦ ከልጅነቷ ጀምሮ ከላይዋ ወርዶ አያውቅም። ለምዳዋለች።

ሰብለ፦ ከልጅነታቸው? ላስቲኩ እኮ ገና ጥጉ ላይ ተንጠልጥሏል።

ዓይሻ፦ አውልቂልኝ፣ ልጄ! አላህ ይስጥሽ! አምቡላንሱም ይምጣ። ማራገቢያ አለው?

ሰብለ፦ [በበሩ ወደ ውጭ] ኪሩቤል! ቃሬዛ አምጣ! መርፌውንም አዘጋጁ፣ ጠንቶባቸዋል!

ሙዐዊያ፦ [ብድግ ሲል ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ] ቁሙ! አልታመመችም! ወላሂ አልታመመችም! ብርድ ልብሱ ኮንትሮባንድ ነው! እኔ ነኝ የደበቅኩት! በገዛ እጄ ነው የጠቀለልኳት!

[ፈይሩዝ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን አንድ ግራር በከፍተኛ ትኩረት መመልከት ጀመረች።]

ሰብለ፦ ጋሼ፣ ለቤት የሚሆን አንድ ብርድ ልብስ እኛ አንይዝም። ጠዋት ለባለቤትዎ ነግሬያቸዋለሁ።

ሙዐዊያ፦ አትይዙም? አልሐምዱሊላህ! ሹፌር፣ ንዳው!

ሰብለ፦ ቆይ እንጂ። አሁንማ መያዝ አለብኝ።

ሙዐዊያ፦ አሁን ምን ተለወጠ?

ሰብለ፦ ኮንትሮባንድ ነው አሉ። ደብቄ ነው አሉ። ይሄ ሁሉ ተሳፋሪ ሰምቷል። ዝም ብዬ ባሳልፍዎ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እናቴ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? ያቀብሉኝ።

ሙዐዊያ፦ እኔም ወባ ይዞኝ ነው! ስቀባዥር ነው የተናገርኩት! እይኝ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ነው!

ሰብለ፦ እሱስ በደንብ እየተንቀጠቀጡ ነው። የሐኪም ወረቀት ይዘው ይምጡ።

[ብርድ ልብሱ ወረደ። ዓይሻን ከገበያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ ነካት። ስትመኘው የዋለችው ነፋስ ነበር፤ አሁን ግን የደብረ ሲናን ብርድ አስታወሳት እንጂ አላስደሰታትም። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ።]

ሙዐዊያ፦ አንቺ ሴትዮ! ጠይቀሽ ኖሯል? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

ዓይሻ፦ ነገርኩህ።

ሙዐዊያ፦ መቼ?

ዓይሻ፦ መጀመሪያ ስነግርህ ዝም በይ አልክ። ሁለተኛ ስናገር ወባ ነው አልክ።

ሙዐዊያ፦ እና አትጮሂም ነበር?

ዓይሻ፦ የጠናበት ሰው ይጮሃል እንዴ? በደንብ አድርገህ አሠልጥነኸኝ!

[ከሦስት ወንበር በስተኋላ ፈይሩዝ ሳቀች። ሳቋ ብዙም አልቆየም፤ ብርድ ልብሱ የእሷ ነበር።]

ፈይሩዝ በጥቅምት ተዳረች፤ ደብረ ሲና ገባች። ደብረ ሲና በጥቅምት ይበርዳል። ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ በኬላው ክፍል ውስጥ ይገኛል። ሙዐዊያ ወባ አልያዘውም፤ ስለዚህ የሐኪም ወረቀት አላመጣም። ዓይሻን ይቅርታ አልጠየቃትም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኬላ እንዴት እንደሚታለፍ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም እያስተማረ ነው።