ለጣሪያው የተተከለ ችግኝ

በከተማችን ከተቋቋሙት ኮሚቴዎች ሁሉ እንደ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ ጥገና ኮሚቴ ክብር የሚገባው የለም። «እስካሁን አንድ ሚስማር እንኳ አልመታም» የሚሉት ምቀኞች ናቸው። ሚስማር ማንም ይመታል። ጣሪያ እላይ እያፈሰሰ፣ ከሥሩ ተቀምጦ ሳይደነግጡ መወያየት ግን መታደል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ የተሳለውን መልአክ ግራ ክንፍ አጥቦ ጨርሶታል። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ፣ ቀኙ ሳይከተል ድረሱልኝ ለማለት ስብሰባው ውስጥ ገቡ።

«ልጆቼ፣ ለጊዜው አንድ ቆርቆሮ ጣል ብታደርጉበትስ?»

የቅርስ ባለሙያው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ቆርቆሮ? አባ፣ ቅርስ እኮ ነው! የሚጠገነው መጀመሪያ በተሠራበት እንጨት ብቻ ነው።»

«እሺ፣ እንጨቱ የት ይገኛል?»

«ዘሩ ጠፍቷል። የመጨረሻው ዛፍ እዚሁ ግቢ ነበር።»

«እሱንማ ቆርጣችሁ ይህን ጠረጴዛ አሠራችሁበት! በሉ፣ ፍቱትና ጣሪያው ላይ ምቱት።»

«ታዲያ ምን ላይ እንወያይ?» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ቅር ብሏቸው።

ደግነቱ ከጉቶው ሥር አንድ ቡቃያ ብቅ ብሎ ነበር። ቡቃያው አድጎ ሳንቃ እስኪወጣው ድረስ ጥገናው «በእድገት ላይ እንደሚገኝ» በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ግቢው ደረቅ ስለሆነ፣ ውሃ የማይጠፋበት ቦታ ተፈለገ። ከመልአኩ ፊት ለፊት ያለው የወለል ድንጋይ ተነሥቶ ችግኙ እዚያው፣ ከሚያፈሰው ሥር፣ በታላቅ ንግግር ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያውን መድፈን ችግኙን በውሃ ጥም መግደል ስለሚሆን በጥብቅ ተከለከለ።

ችግኙ ፋፋ። ሥሩ ወለሉን ገለበጠው፤ ሣሩም ተከተለ። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው፣ «አባ፣ ዛሬ የምንጸልይ ነን ወይስ የምናርም?» ሲሉ ጠየቁ።

ዛፉ ግንድ ሲያወጣ አባ መጋዝ አስመጡ። ባለሙያው ግንዱን አቅፎ ጮኸ።

«በምድር ላይ የቀረውን አንድ ዛፍ? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!»

«ለጣሪያው አይደል እንዴ የተተከለው?»

«ያኔ ችግኝ ነበር። አሁን ቅርስ ሆኗል። እንዲያውም ቅጠሉን ይዩት፣ ገርጥቷል። ፀሐይ የከለከለው ጣሪያው ነው።»

በጥገናው ላይ ለዓመታት ሲወያይ የኖረው ኮሚቴ፣ ይህን ግን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ወሰነው። ሠራተኞች ወጡ፤ ጣሪያው ወረደ።

ጥገናው በተመረቀበት ዕለት ዶፍ ጣለ። አባ ባዶውን ግድግዳ እያዩ፣ «መልአኩስ?» አሉ።

«እሱ የሰማይ ነው፤ ሰማዩን ከፈትንለት» አሉ ሊቀ መንበሩ። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ክቡራንና ክቡራት! ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤተ ክርስቲያን የሚያፈስ ጣሪያ የለውም!»

እውነታቸውን ነው። ልናጨበጭብላቸው ፈልገን ነበር፤ ግን ሁላችንም ጥላ ይዘናል።