በአውራ ጣት የተነበበ ደብዳቤ

ደብዳቤ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው ያላችሁ ማን ነው? የሌላውን አገር እንጃ... እኛ መንዝ ግን ፖስታው ላይ ያለው ስም ደብዳቤውን ማን ተሸክሞ እንደሚዞር ይናገራል እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም። ደብዳቤው የአጥቢያው ነው።

እንዴት መሰላችሁ፣ በሰላምታ ስሙ የተጠራ ሰው ሁሉ ሰላምታውን ከወረቀቱ ሲነበብ በጆሮው መስማት አለበት። «ሰላም ብላሃለች» ብሎ በአፍ መንገር ወሬ ነው፣ አይቆጠርም። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ በደብዳቤ ምስጢር ያወራሁት!

ጽጌ እስከ ስድስተኛ ክፍል አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። አዋሳ ሻይ ቤት ያላት አክስቷ ወሰደቻት። እኔ ቤት ቀረሁ፤ ሰባተኛ ክፍል ያለው ከተማ ነው፣ ከተማ ደግሞ ዘመድ የለንም። ዓይን አፋርነቴን ተዉት፤ ዘመሮ ገበያ ሄጄ ዋጋ መጠየቅ አፍሬ ጨው ሳልገዛ የተመለስኩበት ቀን አለ። ወረቀት ግን አላፍርም። አንድ ቀን ለጽጌ «አንቺ ጋ መጥቼ መማር እፈልጋለሁ። አባዬን ግን ፈራሁ። ማንም እንዳይሰማ» ብዬ ጻፍኩላት።

መልሷ እሁድ ደረሰ። ስልክ እንኳ ያለው የወረዳው ከተማ ብቻ ነው፤ ደብዳቤያችን የሚመጣው በቤተ ክርስቲያኑ ስም ስለሆነ፣ የአብነት መምህራችን የኔታ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ። የእኔን ተቀብዬ ከግንቡ ጀርባ ሮጥኩና ከፈትኩት። አይ ጽጌ! ምስጢሩን በሹክሹክታ ጽፋዋለች፤ ጨዋነቷን ግን አልተወችም።

«እትዬ ድንቄን ሰላም በይልኝ። አክስቴ ትምጣ ብላለች። የኔታን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። የማታ ትምህርት አለ፣ ሰባተኛ ትገቢያለሽ። የእትዬ ድንቄን ምራት ሰላም በይልኝ። ለአባትሽ አትንገሪ።»

አያችሁልኝ? አንድ ሰላምታ፣ አንድ ምስጢር... ገብስና ስንዴ ተቀላቅሎ የተዘራበት ማሳ!

ዞር ስል ጎረቤታችን እትዬ ድንቄ ከኋላዬ ቆመዋል። «እኔን ምን አለችኝ?» አሉ። አውራ ጣቴን ምስጢሩ ላይ ደፍቼ አነበብኩላቸው። ለምራታቸው ሌላኛውን አውራ ጣቴን ጨመርኩ። ሰው እየተሰበሰበ መጣ፤ አባዬም መጥተው ከሰዉ ኋላ ቆሙ። ለሰው ልጅ ሁለት አውራ ጣት ብቻ መሰጠቱ ያን ቀን ቆጨኝ።

መከራው የኔታ ማንበብ መቻላቸው ነው። «የእኔን በዓይኔ ልየው» ብለው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና መነጽራቸውን ሰክተው ከላይ እስከ ታች፣ በዚያ ውዳሴ ማርያም በሚያደርሱበት ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ አነበቡት። እኔ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ከግንቡ ድንጋይ አንዱ ለመሆን ሞከርኩ።

አባዬ ከሰዉ ኋላ ወደ ፊት ወጡ። ከዚያ፣ «የኔታ፣ ጨረሱት?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

«የእኔ ስም የታል?»

የኔታ ወረቀቱን ገለበጡ፤ መልሰው ገለበጡ። «ያንተማ አለ። ‹ለአባትሽ አትንገሪ› ይላል።»

«እሱ ሰላምታ ነው?»

ሦስት ቀን አኮረፉ። ልጄ ልትሄድብኝ ነው ብለው ቢያኮርፉ ይገባኝ ነበር፤ እሳቸውን ያንገበገባቸው ግን አጥቢያው ሁሉ ሰላም ሲባል መዘለላቸው ነው። በአራተኛው ቀን ለባና፣ ለወፍራሙ ብርድ ልብሳችን፣ የሚሆን የበግ ጠጉር ስፈትል መጥተው ወረቀት አምጪ አሉኝ። እሳቸው እየተናገሩ የገዛ ክሴን በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ «ጽጌ፣ በደጄ ተጫውተሽ አድገሽ፣ ልጄን ልትወስጂ ስታስቢ እኔን ደህና ነዎት ወይ ለማለት ቀለም አለቀብሽ?» ሂጂ ይሉኝ እንደሆነ ወይ ቅሪ፣ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩና... ፖስታውን ማሸግ ያዝኩ።

ከወር በኋላ መልስ መጣ። ገጹ ከዳር እስከ ዳር ለአባዬ የተጻፈ ሰላምታ ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም። (እትዬ ድንቄ እስከ ዛሬ ጽጌን አኩርፈዋታል።) አባዬ የኔታን ሦስት ጊዜ አስነበቧቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ባናውን ይዘሽ ሂጂ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» አሉኝ። አዋሳ ሙቀት ነው ብዬ ልነግራቸው አልደፈርኩም። ይኸው ባናውን አጥፌ እቀመጥበታለሁ።

ከአዋሳ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ ከጽጌ ጥፋት ተምሬ ነበር። አባዬን ከሁሉ በላይ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ የኔታን፣ እትዬ ድንቄን፣ ምራታቸውን፣ የምራታቸውን እናት... ሁለቱም ገጽ ሲሞላ ጠርዙን እየዞርኩ ጻፍኩ። አንድ ሰው አልቀረኝም ብዬ እየኮራሁ አሽጌ ላክሁት።

የአባዬ መልስ በየኔታ እጅ ተጽፎ ደረሰኝ፤ አንድ መስመር ነው።

«ሰላምታሽ ሁላችንንም አዳርሷል፤ የዘለልሽው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ አንቺ ደህና ገባሽ ወይ?»