ጋሽ ውቤ ያልመረጧት መኪና

ጂንካ ውስጥ ሰው ሚስቱን ሳያማክር መኪና ሊገዛ ይችላል፤ ጋሽ ውቤን ሳያማክር ግን አይገዛም። እሱ ቢያልፋቸው እንኳ እሳቸው አያልፉትም።

ክቡር ጋሽ ውቤ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። መኪና ኖሯቸው አያውቅም፤ መንጃ ፈቃድም የላቸውም። ይህ ግን አንድም ቀን ከመምከር አግዷቸው አያውቅም። "ሹፌር የሚያየው መንገዱን ነው፤ መኪናውን የሚያየው ተሳፋሪ ነው" ይላሉ።

መምህርት ዘሪቱ ለቤተሰቧ ስቴሽን ዋገን፣ ኋላዋ ለዕቃ ሰፊ የሆነ መኪና፣ ልትገዛ መሆኑን ለእሳቸው አልነገረቻቸውም። ደላላው ሁለት መኪኖች አስነድቶ ደጇ ሲደርስ ግን ጋሽ ውቤ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ቀድመውት ቆመው ነበር።

አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ትልቅ ሞተር፣ ኦቶማቲክ፣ የቆዳ ወንበር፣ የሚከፈት ጣሪያ። በደላላው ቋንቋ "ፉል" የምትባለው። ሁለተኛዋ ግራጫ፣ ሞተሯ አነስ ያለ፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ ወንበሯ ጨርቅ። ጋሽ ውቤ የነጯን ኮፈን አስከፍተው እንደ ሐኪም ጎንበስ ብለው ሞተሩን አዳመጡ። ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበር።

"ይቺው ናት" አሉ። "በትንሽ ሞተር ዳገት አይወጣም። ደግሞ አስተማሪ ነሽ፤ ክብርሽን መጠበቅ አለብሽ።"

የዘሪቱ ባል ፈለቀም በጣሪያው ልቡ ተሰርቆ ነበርና "እውነታቸውን ነው" አለ።

ዘሪቱ ቤት ገባችና ከፈለቀ ጋር ሆነው እናቷን ተሸክመው ከበሩ ደረጃ አወረዱ፤ ዊልቸራቸውንም አወጡ። እናቷ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ቀይ አፈር ከተማ ያሉ እህታቸውን አላዩም፤ ሚኒባሶቹ ዊልቸር ሲያዩ አይቆሙም። መኪና የመግዛቱ ነገር የተነሳውም በዚህ ነው።

ነጯ ኋላዋ በትልልቅ ድምፅ ማጉያ ስለተሞላ ዊልቸሩ ቢታጠፍም አልገባ አለ። ግራጫዋ ውስጥ ገባ፤ ለእናቷና ለልጆቿም ቦታ ተረፈ።

"ዳገቱስ?" አሉ ጋሽ ውቤ።

"አሁን እንሞክረዋለን። ይግቡ" አለች ዘሪቱ።

ቤተሰቡ ሁሉ ተጭኖ ከከተማው መውጫ ያለውን ዳገት ተያያዙት። ዘሪቱ ማርሽ ቀነሰች፤ መኪናዋ አጉረመረመችና ወጣች።

"ወጣች፤ ግን በፈቃዷ አይደለም" አሉ ጋሽ ውቤ የበሩን እጀታ እንደጨበጡ።

"ጋሽ ውቤ፣ የነዳጅ ሰልፍ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ብዙ የማትጠጣው ትሻለኛለች" አለቻቸው። ግራጫዋንም ገዛች።

ጋሽ ውቤ ተቀየሙ። በሱቃቸው በኩል ባለፈች ቁጥር አንገታቸውን ደፍተው ጨርቅ ይለካሉ፤ ገዢ ባይኖርም።

ወደ ቀይ አፈር የሚሄዱበት ጠዋት ዘሪቱ በሯን ስትከፍት፣ ጋሽ ውቤ ከአንድ አናጢ ጋር ሰፊ ጣውላ ተሸክመው ቆመዋል።

"ያን ቀን እናትሽን እንደ ከረጢት ተሸክማችሁ ከደረጃው ስታወርዱ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ" አሉ። ጣውላውን ደረጃው ላይ አጋደሙና ዊልቸሩን ራሳቸው በቀስታ እየገፉ አወረዱ። እናቷ እጃቸውን ያዝ አድርገው መረቋቸው።

"የሞተሩን ነገር ግን አሁንም አልተቀበልኩም" አሉ ጋሽ ውቤ ላባቸውን እየጠረጉ።

ዘሪቱ የፊቱን በር ከፈተችላቸው። "መንገድ ላይ ያስረዱኛል።"

እስከ ቀይ አፈር ድረስ አስረዷት። እሷም አንዴ እንኳ አላቋረጠቻቸውም።